ዝም ብለው አልጠበቁም፦ ስለ አሜሪካ ባርነትና አመፅ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አሜሪካ ባርነት የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ለፍተው እንደጻፉት ግን ያስታውቃል፤ አማርኛቸውም ያምራል። ይዘቱ ግን አሳዘነኝ። አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህንን ነው። በአሜሪካ በባርነት የተያዙት ጥቁሮች አምፀው ራሳቸውን ነፃ እንዳወጡት ሄይቲዎች አላመፁም፤ ዕጣቸውን ተቀብለው ኖሩ። የአገሪቱ ቀደምት አመፆች፣ የቤከን፣ የሼይስና የውስኪ ቀረጥ አመፅ፣ የሕዝቡን የነፃነት ፍቅር ያሳያሉ፤ መንግሥትም በትዕግሥትና በምሕረት አበረዳቸው። ካንሳስ ላይ የፈሰሰው ደም የመሬት ጠብ ነበር። ባርነትን በጦር መሣሪያ ሊያስቀር የተነሳው ነጩ ጆን ብራውን እብድ ነበር፤ አብረውት ከዘመቱት መካከልም አንድም ጥቁር አልነበረም። በመጨረሻ ፕሬዚዳንት ሊንከን ብዕሩን አንስቶ ባርነትን አስቀረው።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ ቃል ልናገር። «ባሪያ» የሚለው ቃል በእኛ ቋንቋ ዛሬም የሚያቆስል ስድብ ነው። ጽሑፉ ግን ቃሉን እንደ ዘር መጠሪያ ደጋግሞ ያነሳዋል። እኔ «በባርነት የተያዙ ሰዎች» እላለሁ። ይረዝማል፤ ይርዘም። ሌላ ካላልኩ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አላመፁም» ከሚለው እጀምራለሁ።

እሑድ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1739 ነው። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ፣ ስቶኖ በሚባል ወንዝ አጠገብ፣ 20 ያህል ሰዎች ገና ሳይነጋ ተሰባሰቡ። መሪያቸው ጀሚ ይባል ነበር። ብዙዎቹ ከኮንጎ መንግሥት አካባቢ ተሸጠው የመጡ እንደነበሩ የታሪክ ሰዎች ያስረዳሉ። አንድ ሱቅ ሰብረው ጠመንጃና ባሩድ ወሰዱ፤ እዚያ የነበሩትን ሁለት ሰዎች ገደሉ። ከዚያ ከበሮ እየመቱ፣ ሰንደቅ ይዘው፣ መንገዱን ወደ ደቡብ ተያያዙት።

ወዴት? ወደ ፍሎሪዳ። ፍሎሪዳ ያኔ በስፔን እጅ ነበረች። ስፔን ከእንግሊዞች አምልጦ ለመጣ ሰው ነፃነት እሰጣለሁ ብላ ነበር። በ1738 ሴንት ኦገስቲን ከተማ አጠገብ ፎርት ሞሴ የሚባል የነፃ ጥቁሮች ሰፈር ተቆርቁሯል። የራሱ ታጣቂ ነበረው። ወሬው ካሮላይና ድረስ ደርሷል። እነዚህ ሰዎች በጭፍን አልተነሱም። የሚሄዱበትን ያውቁ ነበር። መንገድ ላይ ሌሎችም ተቀላቀሏቸውና ቁጥራቸው እስከ 100 ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ታጣቂ ነጮች ደረሱባቸው፤ ውጊያ ሆነ። ከነጮቹ ከ20 በላይ፣ ከአመፀኞቹ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ።

በሚቀጥለው ዓመት ቅኝ ግዛቲቱ አዲስ ሕግ አወጣች። በባርነት የተያዘን ሰው መጻፍ ማስተማር ተከለከለ። ተሰብስቦ መዋል ተከለከለ። ለራስ እህል መዝራትና ገንዘብ መያዝ ተከለከለ። ከበሮ መምታት እንኳ ሳይቀር ተከለከለ። ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቃቸው ይህንን ነው። ዕጣውን ተቀብሎ ለሚኖር ሕዝብ ከበሮ የሚከለክል ሕግ ማን ያወጣል? በእነዚህ ቅኝ ግዛቶች የሕግ መጻሕፍት ውስጥ የምናየው ፍርሃት ነው። የፈሩትም የተነሳ ሰው ስላዩ ነው።

ስቶኖ ብቻውንም አይደለም። በ1712 ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ 20 የሚያህሉ ሰዎች መሣሪያ ይዘው ተነስተው 9 ነጮች ገድለዋል፤ 21 ሰው በሞት ተቀጥቷል። አዎ፣ ኒውዮርክ። ባርነት የደቡብ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በጃንዋሪ 1811 ደግሞ ሉዊዚያና ውስጥ ቻርልስ ዴስሎንድ የሚባል ሰው በመቶዎች የሚቆጠሩ የሸንኮራ እርሻ ሠራተኞችን አስከትሎ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ወደ ኒው ኦርሊንስ ዘመተ። ዴስሎንድ ራሱ በእርሻው ላይ የሠራተኞች አዛዥ ነበር፤ ከሌሎቹ የተሻለ ቦታ ነበረው። አመፀኞቹ የገደሉት ሁለት ነጮችን ነው። ከእነሱ ወገን ግን በውጊያውና ከዚያ በኋላ ወደ 100 የሚጠጋ ሰው ተገደለ። የብዙዎቹ ጭንቅላት ተቆርጦ በወንዙ ዳር በእንጨት ላይ ተሰቀለ፤ የሚያልፍ ሁሉ እንዲያየው።

ከዚያ የናት ተርነር አመፅ አለ፤ ኦገስት 1831፣ ቨርጂንያ ውስጥ ሳውዝሃምፕተን። እዚህ ላይ ምንም ማድበስበስ አልፈልግም። ተርነርና ጓደኞቹ በሁለት ቀን 55 ያህል ነጮችን ገደሉ። ከእነሱ ውስጥ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ይህ ይሰቀጥጣል። በአጸፋው በአመፁ ውስጥ ያልነበሩ ብዙ ጥቁሮች ያለ ፍርድ ታረዱ፤ ይህም ይሰቀጥጣል። ተርነር ሁለት ወር ያህል ጫካ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ተያዘና ኖቬምበር 11 ተሰቀለ። ጽሑፉ የሚዘነጋው ግን የመጣውን ለውጥ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ የቨርጂንያ ምክር ቤት ባርነትን ቀስ በቀስ ስለማስቀረት በግልጽ ተከራከረ። ሐሳቡ በድምፅ ወደቀ፤ ሕጉም ይብስ ጠበቀ። ክርክሩ ግን የተነሳው በአንድ ሰባኪና በጥቂት የእርሻ ሠራተኞች ምክንያት ነው።

ሄይቲን በተመለከተ ጸሐፊው «ለምን እዚያ ሆነ፣ እዚህ አልሆነም?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱን በሰዎቹ ጠባይ ውስጥ መፈለጋቸው ነው የማይገባው። ሄይቲ ውስጥ ከ10 ሰው 9ኙ ገደማ በባርነት የተያዘ ነበር። በአሜሪካ ደቡብ ግን በአብዛኛው ቦታ ነጮች ይበዙ ነበር። ታጥቀዋል፣ ሌሊት ሌሊት መንገድ ይጠብቃሉ፣ ኋላም የፌዴራል ጦር ከጀርባቸው አለ። ማሸነፍ እንደማይቻል እያወቀ የተነሳን ሰው «ታጋሽ ነው» ማለት በደል ነው።

ደግሞም መሣሪያ ማንሳት አንዱ መንገድ ብቻ ነው። ለእኛ አንባቢዎች አንድ ታሪክ እዚህ ላይ መግባት አለበት። አሜሪካኖች ለነፃነታቸው ከእንግሊዝ ጋር መዋጋት ሲጀምሩ፣ በኖቬምበር 1775፣ የቨርጂንያ የእንግሊዝ ገዥ ሎርድ ደንሞር አዋጅ አወጣ። የዓመፀኞቹ፣ ማለትም የእነ ዋሽንግተን ወገን የሆኑ አሳዳሪዎች የያዟቸው ሰዎች አምልጠው ለንጉሡ ቢዋጉ ነፃ ይወጣሉ አለ። ደንሞር ደግ ሰው ሆኖ አልነበረም፤ እሱም ራሱ ሰዎችን በባርነት የያዘ ነበር። ሰዎቹ ግን ጨርቄን ማቄን ሳይሉ በሌሊት መጡ። በመቶዎች የሚቆጠሩት ታጥቀው ክፍለ ጦር ሆኑ። የክፍለ ጦሩ ስም ምን ነበር? «የኢትዮጵያ ክፍለ ጦር»። በዚያ ዘመን እንግሊዞች ከመጽሐፍ ቅዱስ ወስደው ጥቁርን ሁሉ «ኢትዮጵያዊ» ይሉ ስለነበር እንጂ የእኛ አገር ሰዎች ስለነበሩበት አይደለም። እንዲያም ሆኖ ስሙን መጀመሪያ ሳነበው ለረጅም ጊዜ ዓይኔን ከገጹ ላይ አላነሳሁም። ብዙዎቹ ያለቁት በጥይት ሳይሆን በፈንጣጣ ነው።

የጆርጅ ዋሽንግተን ንብረት ተብሎ የተመዘገበ ሃሪ ዋሽንግተን የሚባል ሰውም በ1776 ወደ እንግሊዞች አምልጧል። ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ኖቫ ስኮሺያ፣ ከዚያም ወደ ሴራሊዮን ሄደ። በ1800 እዚያም በቅኝ ገዥዎቹ ላይ በተነሳ አመፅ ተሳትፏል። ጌታው የአገር አባት ተባለ። ሃሪን ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

የአሜሪካ የነፃነት መግለጫ ራሱ፣ የ1776ቱ፣ በንጉሡ ላይ ከዘረዘራቸው ክሶች አንዱ «በመካከላችን የውስጥ አመፅ አነሳስቷል» የሚል ነው። ይህ የደንሞርን ነገር ይጨምራል። ባሮቻችንን ነፃ ሊያወጣብን ነው የሚል ክስ በነፃነት መግለጫ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ጽሑፉ ይህንን መግለጫ ሁለት ጊዜ ሲጠቅስ ይህችን መስመር አልፏታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ። የቤከን፣ የሼይስና የውስኪው አመፅ።

ቤከን ላይ አልቆይም። ጽሑፉ በ1676 ጥቁርና ነጭ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተነሱ ይላል። ግማሹ እውነት ነው። የቨርጂንያ መዲና ጄምስታውን ተቃጥላ፣ ቤከንን በሽታ ገድሎት፣ ሌላው ሲበተን፣ እጅ አንሰጥም ብለው እስከመጨረሻ ከቆዩት መካከል 80 ያህል ጥቁሮችና 20 ያህል ነጭ አገልጋዮች ነበሩበት። ግን ቤከን መጀመሪያ የሸፈተው ለምንድን ነው? የአገሬውን ቀደምት ሕዝቦች እንዳሻኝ ልውጋ ሲል ገዥው በርክሊ ስለከለከለው ነው። ይህንን የነፃነት ፍቅር ብዬ ለመጥራት አፌ አይታዘዝልኝም። ከዚያ በኋላ በወጡት ሕጎች፣ በተለይም በ1705ቱ የቨርጂንያ ሕግ፣ ድሃው ነጭና በባርነት የተያዘው ጥቁር እንዳይገናኙ አጥሩ ከፍ ተደረገ።

ሼይስና ውስኪው ላይ ግን ልቆይ፤ የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት እዚህ ስላለ።

በ1786 ማሳቹሴትስ ውስጥ ገበሬዎች በዕዳና በግብር ተማረሩ። ብዙዎቹ ለነፃነት የተዋጉ ወታደሮች ነበሩ፤ ደመወዛቸው እንኳ በቅጡ አልተከፈላቸውም። እርሻቸው በፍርድ ቤት እየተሸጠባቸው ነበር። ዳንኤል ሼይስ የሚባል የቀድሞ ሻምበልና ሌሎችም መርተዋቸው ፍርድ ቤቶችን ዘጉ። ጃንዋሪ 25 ቀን 1787 በስፕሪንግፊልድ ያለውን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሊይዙ ሲሞክሩ መድፍ ተተኮሰባቸውና 4 ሰዎች ሞቱ። ለእነዚህ ገበሬዎች ከልቤ አዝናለሁ። ቅሬታቸው እውነተኛ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩት ምሕረት አገኙ። የተሰቀሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም በዘረፋ ተከሰው። ሼይስ ራሱ ምሕረት ተደረገለትና በሰላም አርጅቶ ሞተ።

የውስኪው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። በ1791 የፌዴራሉ መንግሥት አረቄ ላይ ቀረጥ ጣለ። የምዕራብ ፔንሲልቫኒያ ገበሬዎች እህላቸውን በአረቄ መልክ ነበር ገበያ የሚያወጡት፤ ስለዚህ ቀረጡ ጎዳቸው። ቀረጥ ሰብሳቢዎችን ደበደቡ፤ በ1794 የአንዱን ኃላፊ ቤት አቃጠሉ። ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን 13,000 ገደማ ጦር አስከትሎ ዘመተ። ሁለት ሰዎች በአገር ክህደት ሞት ተፈረደባቸው። ዋሽንግተን ሁለቱንም ማራቸው። (ይኸው ዋሽንግተን በ1797 ማውንት ቨርነን በሚገኘው ርስቱ ላይ ትልቅ የውስኪ መጥመቂያ ከፈተ። የሚሠሩት በባርነት የያዛቸው ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ከቨርጂንያዋ አሌክሳንድሪያ በመኪና ትንሽ ነድቶ ቦታውን ማየት ይቻላል።)

እስከዚህ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። መንግሥት ታግሷል፤ ምሯል። ግን ከስድስት ዓመት በኋላ የሆነውን ከጎኑ እናስቀምጠው።

በ1800 ሪችመንድ፣ ቨርጂንያ አጠገብ ጋብርኤል የሚባል የ24 ዓመት አንጥረኛ ነበር። ማንበብና መጻፍ ይችላል። ከጓደኞቹ ጋር ማጭዱን እየሰበረ ጎራዴ ሠራ። ዕቅዱ ወደ ከተማዋ ገብቶ መሣሪያውን መያዝ፣ ገዥውን ጄምስ ሞንሮን ማገትና ነፃነት መጠየቅ ነበር። ሰንደቁ ላይ «ሞት ወይም ነፃነት» ሊጽፍ አስቧል። ቀኑ ኦገስት 30 ተቆረጠ። በዚያ ቀን ዶፍ ዘነበ፤ ወንዙ ሞልቶ ድልድይ ወሰደ። ያን ዕለት ሁለት ሰዎች ምስጢሩን ለአሳዳሪያቸው ተናገሩ። ከዚያ አሰሳ፣ እስር፣ ስቅላት ሆነ።

ልብ በሉ። አንድም ነጭ አልሞተም። አንድም ቤት አልተቃጠለም። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ጋብርኤልን ጨምሮ 26 ያህል ሰዎች ተሰቀሉ። ለተሰቀሉት ሰዎች አሳዳሪዎች መንግሥት ካሣ ከፈለ፤ ንብረት ስለጠፋባቸው። ስቅላቱ ሲበዛ ሞንሮ ለቶማስ ጀፈርሰን ጻፈለት። ጀፈርሰንም ስቅላቱ በቃ የሚል ስሜት በብዙዎች ዘንድ እንዳለ መለሰለት።

ከዓመታት በኋላ አንድ እንግሊዛዊ መንገደኛ በችሎቱ ላይ ከነበረ ጠበቃ ሰምቼ ነው ብሎ ያሰፈረው አንድ ንግግር አለ። ከተከሳሾቹ አንዱ ምን መከላከያ አለህ ሲባል እንዲህ መለሰ ይላል፦ ጄኔራል ዋሽንግተን በእንግሊዞች ተይዞ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ኖሮ ከሚናገረው የተለየ የምለው የለኝም፤ ለወገኖቼ ነፃነት ሕይወቴን ሰጥቻለሁ። ይህንን ካነበብኩ በኋላ ስለ ሼይስ ምሕረት የሚወራ ጽሑፍ ሁሉ ጎደሎ ሆኖ ይታየኛል።

በአንድ ወገን ጦር አንስተው ግምጃ ቤት ያጠቁና የመንግሥት ኃላፊ ቤት ያቃጠሉ ሰዎች አሉ። በሌላው ወገን በዝናብ ምክንያት ከቤታቸው ያልወጡ ሰዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ተማሩ፤ ሁለተኛዎቹ ተሰቀሉ። ጽሑፉ የመንግሥትን ትዕግሥት ሲያወድስ ትዕግሥቱ ለማን እንደነበረ አልጠየቀም። ሕገ መንግሥቱም በዚያው በ1787 ሲረቀቅ አመፅን ለማፈን ሚሊሻ የመጥራት ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጠ። በዚያው ሰነድ ውስጥ ከባርነት ያመለጠ ሰው ወደ አሳዳሪው ይመለስ የሚል አንቀጽ ገባ። በእነዚህ ሁለት አንቀጾች የተጠመዱት እነማን እንደነበሩ ቀጥሎ ያለው ታሪክ ያሳያል።

ሴፕቴምበር 11 ቀን 1851 ነው፤ ክርስቲያና የምትባል የፔንሲልቫኒያ መንደር። ኤድዋርድ ጎርሰች የሚባል የሜሪላንድ አሳዳሪ ያመለጡትን ሰዎች ልይዝ ብሎ ከፌዴራል ሹም ጋር መጣ። ሕጉ ከእሱ ጋር ነው። ሰዎቹ የተጠጉት ዊልያም ፓርከር ቤት ነበር፤ እሱም ራሱ ከሜሪላንድ ያመለጠ። ሚስቱ ኤላይዛ ከፎቅ ላይ ሆና መለከት ነፋች። ጎረቤት ጥቁሮች ጠመንጃና ማጭድ ይዘው ደረሱ። ጎርሰች ተገደለ። መንግሥት 38 ሰዎችን በአገር ክህደት ከሰሰ። ከተከሳሾቹ መጀመሪያ የቀረበውን ሰው ዳኞቹ በሩብ ሰዓት ገደማ ምክክር ነፃ አሉት፤ የሌሎቹም ክስ ከሸፈ። ፓርከር ራሱ ከባርነት ባመለጠው በታዋቂው የባርነት ተቃዋሚ በፍሬድሪክ ዳግላስ እርዳታ ካናዳ ገባ። «ዕጣቸውን ተቀብለው ኖሩ» ለሚለው ከዚህ ታሪክ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ካንሳስን በአጭሩ ላንሳ። «የመሬት ጠብ ነበር» የሚለው ውስጥ ትንሽ እውነት አለ። ወደዚያ ከሰሜን የሄዱት ነጮች ብዙዎቹ መሬት ፈልገው ነው የሄዱት። የባርነት ተቃዋሚ ነን ይሉ ከነበሩት መካከል ነፃ ጥቁሮችም አይግቡብን ብለው ድምፅ የሰጡ ነበሩ። ግን መሬት ለመሬት ብቻ ቢሆን ምርጫው ለምን ያን ያህል ተጭበረበረ? በ1854 የወጣው ሕግ ባርነት ይኑር አይኑር ነዋሪው በድምፅ ይወስን አለ። በማርች 1855 ምርጫ ሲደረግ በቆጠራው መሠረት መምረጥ የሚችሉት 2,905 ሰዎች ነበሩ። የተሰጠው ድምፅ 6,307 ሆነ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ከሚዙሪ ተሻግረው መርጠው ተመለሱ። የተመረጠው ምክር ቤት ቶሎ ያወጣው ሕግ ባርነትን የሚጠብቅ ሕግ ነው። በሜይ 1856 ሎውረንስ ከተማ ስትዘረፍ ማተሚያ ቤቶቿ ተሰባብረው ፊደሎቹ ወንዝ ተጣሉ። በማግስቱ ዋሽንግተን ውስጥ በሴኔቱ አዳራሽ አንድ የሳውዝ ካሮላይና እንደራሴ ሴናተር ቻርልስ ሳምነርን ራሱን እስኪስት በዱላ ቀጠቀጠው። ሳምነር የተናገረው ስለ ካንሳስና ስለ ባርነት ነበር።

ሊንከን «በብዕሩ» የሚለው ነጥብ ለእኛ ለምን ቶሎ እንደሚዋጥልን ይገባኛል። በትምህርት ቤት የተማርነው የእኛም አገር ባርነት በአዋጅ እንደተከለከለ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1934። ስለዚህ ነፃነት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ይመስለናል። በእኛው አገር ስላመለጡትና ስለተቋቋሙት ሰዎች ደግሞ ብዙ አላነበብንም። ይህ ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል።

ሊንከንን አላሳንስም። ግን በ1861 ሥልጣን ሲይዝ ባርነት ባለበት ቦታ አልነካውም ብሎ ነው የጀመረው። የደቡብ ግዛቶች ተገንጥለው በሰሜንና በደቡብ መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ተነሳ። ቃለ መሐላውን ከፈጸመ ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ፣ ሜይ 23 ማታ፣ ቨርጂንያ ውስጥ ሦስት ሰዎች በጀልባ ቀዝፈው በሰሜኑ ጦር እጅ ወዳለው ፎርት ሞንሮ ገቡ። ፍራንክ ቤከር፣ ሼፐርድ ማሎሪና ጄምስ ታውንሰንድ ይባላሉ። ለደቡቡ ጦር ምሽግ ሲቆፍሩ ነበር። አሳዳሪያቸው በሕጉ መሠረት ይመለሱልኝ አለ። ጄኔራል በትለር እናንተ ተገንጥለናል ካላችሁ የእኛ ሕግ አይመለከታችሁም ብሎ አስቀራቸው። ወሬው ተሰማ። በሁለት ወር 900 ያህል ሰው መጣ፤ ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን። የነፃነት አዋጁ በጃንዋሪ 1863 ሲወጣ እነዚህ ሰዎች በእግራቸው ጀምረውት ነበር። ከዚያ በኋላ 180,000 የሚጠጉ ጥቁሮች የሰሜኑን ጦር ልብስ ለብሰው ተዋጉ፤ 40,000 ያህሉ ሞቱ። ፎርት ሞንሮ ያለበት ያ የባሕር ዳር በ1619 የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ወደ እንግሊዞቹ ቨርጂንያ የወረዱበት ቦታ ነው።

ጆን ብራውንን ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ አቆየሁት።

«እብድ» የሚለው አዲስ አይደለም። በችሎቱ ላይ ሕይወቱን ለማትረፍ የቤተሰቡን የአእምሮ ሕመም የሚጠቅስ መከላከያ ሲቀርብ ራሱ ብራውን አልፈልግም ብሎ ውድቅ አደረገው። ያሰቀለው የቨርጂንያ ገዥ ሄንሪ ዋይዝ አነጋግሮት ሲመለስ እብድ ነው የሚሉት ተሳስተዋል ብሏል። ጠላቱ የመሰከረለትን እኛ ከ160 ዓመት በኋላ ለምን እንነጥቀዋለን? ብራውን ንጹሕ ነበር አልልም። በሜይ 1856 ፖታዋቶሚ በሚባል ቦታ እሱ፣ ልጆቹና ጓደኞቻቸው የባርነት ደጋፊ ያሏቸውን አምስት ሰዎች በሌሊት ከቤታቸው አውጥተው በጎራዴ ገድለዋል። ሟቾቹ በባርነት የያዙት ሰው እንኳ አልነበራቸውም። ይህ ወንጀል ነው፤ ወንጀልን ወንጀል ማለት ሰውየውን እብድ ማድረግ አይጠይቅም።

ኦክቶበር 16 ቀን 1859 ማታ ብራውን ከ21 ተከታዮቹ 18ቱን አስከትሎ ሃርፐርስ ፌሪ ገባ። በዚያ ያለውን የፌዴራል መሣሪያ ግምጃ ቤት ይዞ በተራራው ለሚያመልጡ ሰዎች ሊያስታጥቅ ነበር። ፍሬድሪክ ዳግላስ ከሁለት ወር በፊት ወጥመድ ነው፣ አትግባበት ብሎት ነበር። እውነቱን ነበር። በሮበርት ሊ የተመራ የባሕር ኃይል ጦር በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩን ሰብሮ ገባ። የመጀመሪያው ሟች ደግሞ ሄይዋርድ ሼፐርድ የሚባል የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ፣ ነፃ ጥቁር ሰው ነበር። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ቦታው ከዋሽንግተን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ወንዞች ይገናኙበታል። ብዙ አበሻ በበጋ ለሽርሽር ይሄዳል፤ እኔም የመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት ለሽርሽር ነው። እዚያ ነው ዴንጀርፊልድ ኒውቢ የሚል ስም ያየሁት።

ኒውቢ ነፃ የወጣ ጥቁር ነበር። ሚስቱ ሃሪየትና ልጆቻቸው ግን ብሬንትስቪል በሚባል ቦታ በባርነት ነበሩ። ቦታው ፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ካውንቲ። ኒውቢ ሊገዛቸው ገንዘብ ሲያጠራቅም ነበር። አልሆነለትም። በኦገስት 1859 ሃሪየት ጻፈችለት። በተቻለህ ፍጥነት ግዛኝ፣ አንተ ካልወሰድከኝ ሌላ ይወስደኛል አለችው። አሳዳሪው ገንዘብ እንደቸገረው ይወራል፣ መቼ እንደሚሸጠኝ አላውቅም አለችው። ዳግመኛ የማላይህ ቢመስለኝ ይህች ምድር ለእኔ ጣዕም አይኖራትም አለችው። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ኒውቢ ከብራውን ጋር ሃርፐርስ ፌሪ ገባ። ከዘማቾቹ መጀመሪያ የተገደለው እሱ ነው። ሃሪየት ወደ ሉዊዚያና ተሸጠች።

ጸሐፊው በብዙ ነገር ባይስማሙኝ ቅር አይለኝም። አመለካከት ነው። «አንድም ጥቁር አልነበረም» የሚለው ግን የአመለካከት ጉዳይ አይደለም፤ ስለዚህ ጽሑፋቸው ላይ እንዲያስተካክሉት እለምናቸዋለሁ። አምስት ነበሩ። ዴንጀርፊልድ ኒውቢና ሉዊስ ሊሪ እዚያው በጥይት ሞቱ። ጆን ኮፕላንድና ሺልድስ ግሪን ዲሴምበር 16 ቀን 1859 ተሰቀሉ። ኦስቦርን አንደርሰን አምልጦ በ1861 ያየውን ጽፎ አሳተመ።